የትኛው ብሩስ? አንድ የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም በሰውና በካርታ ላይ

ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ የቤተሰብ ስሙ አንዳች አልፈየደለትም። ጄምስ ማለት ያዕቆብ ስለሆነ ያቆብ ተባለ፤ ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሕፃናት ስላከመም ሐኪም ያቆብ ሆነ። ብሩስ የሚለው ስም ዋጋ ያለው ስኮትላንድ ውስጥ ነው። እዚያ ስሙን የሰማ ሰው ወዲያው አንድ ንጉሥ ትዝ ይለዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታሪክ ሲያነቡ ሌላ ጄምስ ብሩስ የካናዳ ገዥ፣ ቆይቶም የሕንድ እንደራሴ ሆኖ ይገኛል። የሕክምና መጽሐፍ ዴቪድ ብሩስን ያነሳል። ካናዳ ውስጥ የብሩስ አውራጃ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የብሩስ አውራ ጎዳና፣ አንታርክቲካ ውስጥ የብሩስ አምባ አለ። አንባቢው ሁሉንም የአንድ ቤት ልጆች ያደርጋቸዋል። ጥቂቶቹ በእርግጥ ናቸው። የቀሩት ግን ስም እንጂ ሥጋ አይጋሩም፤ አንዳንዱማ ስሙንም ከሰው ሳይሆን ከዛፍ ወይም ከቀበሌ የወሰደ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። የልጅ ልጅ ልጅ ሲመጣ የቅድመ አያት ስም ከመጠሪያው ወጥቷል፤ ዝምድና የሚታወቀው በቆጠራ ነው። የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊወርድ ስለሚችል ቆጠራው የማያስፈልግ ይመስላል። በጣም ያስፈልጋል።

ስሙ ከየት መጣ

ብሩስ መጀመሪያ የሰው ሳይሆን የቦታ ስም ነው። በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ ሸርቡር ከተማ አጠገብ ብሪ የሚባል መንደር አለ። ከዚያ የመጣው ሮበርት ደ ብሩስ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ሄንሪ በዮርክሻየር መሬት አገኘ፤ በ1124 ገደማ ደግሞ የስኮትላንዱ ዴቪድ ቀዳማዊ አናንዴል የተባለውን የድንበር ሸለቆ ሰጠው። ስኮትላንዳዊው ስም እንግዲህ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባላባት የገባ ስም ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። በዚያው ዘመን ደ ብሪዩዝ የሚባል ሌላ የኖርማን ቤት ነበር፤ ብሪዩዝ ከተባለ ሌላ ስፍራ የመጣ ሲሆን በዌልስ ድንበር ታላቅ ጌታ ሆነ። ጸሐፍት ሁለቱን ስሞች ሲጽፉ ሆሄያቱ ስለሚመሳሰሉ በኋላ የመጡ የትውልድ ሐረግ አዘጋጆች አደባልቀዋቸዋል። የ13ኛ መቶ ዓመት ሰነድ ላይ ብሩስ የሚመስል ስም ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው መሬቱ ነው። ሰውዬው አናንዴልን ወይም በዮርክሻየር ስኬልተንን ከያዘ ብሩስ ነው፤ በዌልስ ድንበር ወይም በሱሴክስ ብራምበርን ከያዘ ደ ብሪዩዝ ነው።

ንጉሡ ሮበርት ብሩስ በ1274 ተወለደ። አባቱም አያቱም ሮበርት ናቸው፤ አያቱ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዙፋኑን ተከራክሮ የተሸነፈው ሰው ነው። ስለዚህ “ሮበርት ብሩስ ዙፋን ጠየቀ” የሚል ዓረፍተ ነገር ዓመት ካልተጻፈበት ማንን እንደሚል አይታወቅም። የተከራካሪው የልጅ ልጅ፣ ማለትም ንጉሡ፣ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1306 በደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ገደለ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በስኮን ዘውድ ጫነ፤ በ1314 በባኖክበርን የእንግሊዝን ጦር አሸነፈ፤ በ1329 ሞተ። ሥጋው በደንፈርምሊን፣ ልቡ በሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ።

አሁን “የንጉሥ ብሩስ ዘር ነኝ” ለሚል ሁሉ የሚነገረው ነገር ይህ ነው። የንጉሡ ልጅ ዳግማዊ ዴቪድ በ1371 ያለ ልጅ ሞተ። ዘውዱ በንጉሥ ሮበርት ሴት ልጅ በማርጀሪ በኩል ወደ ስቱዋርት ቤት ሄደ። የንጉሡን ደም በእርግጠኛነት የወረሱት እንግዲህ ስቱዋርት የሚባሉት እንጂ ብሩስ የሚባሉት አይደሉም። ዛሬ የብሩስ ጎሳ አለቃ የሆነው የኤልጂን ቤት የሚወርደው ዳግማዊ ዴቪድ በ1359 ክላክማናንን ከሰጠው ከሌላ ሮበርት ብሩስ ነው። ንጉሡ በሰነዱ “የተወደደ ዘመዳችን” ይለዋል፤ በምን በኩል ዘመድ እንደሆነ ግን አልጻፈም፤ ስለዚህ መስመሩ ሳይረጋገጥ ቀርቷል።

ሰው ብሩስ የሚሆንባቸው መንገዶች

በልደት ብሩስ መሆን ቀላሉ መንገድ ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አስቸጋሪው በርስት የሚመጣው ነው፤ ለዚህም ከጎንደሩ ያቆብ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ኪናርድ በስተርሊንግሻየር፣ ላርበርት አጠገብ ያለ ርስት ነው። ወንድ ወራሽ ሲጠፋ ሔለን ብሩስ ወረሰችው። ያገባት ዴቪድ ሔይ የተባለ ሰው ነው። በስኮትላንድ የርስት ውል ውስጥ “ወራሹ ስማችንንና ዓርማችንን ይያዝ” የሚል አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ነበር፤ ያልያዘ መሬቱን ያጣል። ሔይም ብሩስ ተባለ። የእነሱ ልጅ ዴቪድ ብሩስ፣ የዴቪድ ልጅ በ1730 የተወለደው ጄምስ። ግሽ ዓባይ ላይ የቆመው ሰው በወንድ መስመር ቢቆጠር እንግዲህ ሔይ ነው። እሱ ግን በብሩስነቱ እጅግ ይኮራ ነበር፤ ስለ ነገሥታት ዘርነቱም ማንም እንዲጠራጠር አይፈልግም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የአሳሹ የልጅ ልጅ ሜሪ ኤልዛቤት ብሩስ ኪናርድን ወርሳ በ1820 ቻርልስ ካሚንግን አገባች፤ እሱም ካሚንግ ብሩስ ተባለ። የካሚንግ ቤት ደግሞ ራሱን በ1306 በተገደለው በኮሚን ዘር የሚቆጥር ነው። የገዳይና የሟች ስም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በአንድ ሰረዝ ተያያዘ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ፍቅረ ዕርቅ ሳይሆን የመሬት ውርስ ነው። የእነሱ ብቸኛ ልጅ በ1841 የኤልጂንን ስምንተኛ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጄምስ ብሩስን አገባች። ሁለቱ ጄምስ ብሩሶች፣ አሳሹና የሕንዱ እንደራሴ፣ ዝምድናቸው በዚህ ጋብቻ ነው፤ ቅርብ ዘመዶች ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ባርነት ነው። ብላንች ብሩስ በ1841 በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ፤ ከ1875 እስከ 1881 ሚሲሲፒን ወክሎ በአሜሪካ ሴኔት ሙሉ የሥራ ዘመን ያገለገለ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ብሩስ የሚለው ስም የመጣለት ከእናቱ ነው፤ አባቱ የእናቱ ባለቤት የነበረ ፐርኪንሰን የተባለ ነጭ ገበሬ ነበር። በአሜሪካና በካሪቢያን ያሉ የስኮትላንድ ስሞች ትልቅ ክፍል እንዲህ የተገኙ ናቸውና እዚያ ብሩስ የሚል ስም ያየ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ስኮትላንድ የዘር ሐረግ መሮጥ የለበትም።

የመጠሪያ ስም የሆነውን ብሩስንም መለየት ያሻል። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብሩስን ለልጅ ያወጡታል። ብሩስ ሊ ቤተሰቡ ሊ ነው፤ ብሩስ የተባለው በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ሆስፒታል ሲወለድ ነው።

ማዕረግ ስምን ሲሸፍን

ከአቴንስ የፓርተኖን ቅርጾችን ያስነሳው ሎርድ ኤልጂን ብሩስ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሙሉ ስሙ ቶማስ ብሩስ ነው፤ ሰባተኛው የኤልጂን ኧርል። ቅርጾቹን በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጠ። ልጁ ጄምስ በ1860 ቤጂንግ ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል አዘዘ፤ በ1863 በእንደራሴነቱ እያለ በሕንድ ዳራምሳላ ሞተ። የልጅ ልጁ ቪክተርም ከ1894 ጀምሮ የሕንድ እንደራሴ ሆነ። ሦስቱም ሲፈርሙ “ኤልጂን” ብቻ ነው የሚጽፉት፤ የእንግሊዝ መኳንንት በማዕረጋቸው እንጂ በቤተሰብ ስማቸው አይፈርሙም።

ስለዚህ በቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ብሩስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል። ለኤልጂን፣ ለኪንካርዲን፣ ለኪንሎስ ለብቻ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የብሩስ ቤት ማዕረጎች ናቸው። በተቃራኒው ኤልጂን የሚል ሁሉ የእነሱ አይደለም። ማዕረጉ ራሱ በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ካለች የኤልጂን ከተማ የተወሰደ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ያለችው ኤልጂን ስሟን ያገኘችው ከመዝሙር ዜማ ነው፤ የቴክሳሷ ኤልጂን ደግሞ ኤልጂን የቤተሰብ ስሙ ከሆነ የባቡር መሬት ሹም።

ካርታው ላይ

ስኮትላንድ ውስጥ ብሩስ የሚባል ከተማ አያጋጥምም። እዚያ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ነው በመሬቱ የሚጠራው፦ የኪናርድ ብሩስ፣ የክላክማናን ብሩስ፣ የካርኖክ ብሩስ። የካርኖኩ ጆርጅ ብሩስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከኩልሮስ ባሕር ሥር ከሰል ያስቆፈረ ነው፤ ቢጫ ቤቱ አሁንም አለ። ስሙ ቦታ የሚሆነው ከአገር ሲርቅ፣ ቅኝ ገዥ ካርታ ዘርግቶ ባዶ ነው ያለውን ሲሰይም ነው። ባዶ አለመሆኑን የካናዳው ምሳሌ ያሳያል፤ ዛሬ የብሩስ ልሳነ ምድር የሚባለው የሶጊን ኦጂብዌ ሕዝብ አገር ነው።

በኦንታሪዮ የብሩስ አውራጃ ለስምንተኛው ኧርል ተሰየመ፤ እሱ ከ1847 እስከ 1854 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ነበር። ለዚህ ነው በአንድ አውራጃ ውስጥ ብሩስ፣ ፖርት ኤልጂንና ኪንካርዲን አብረው የሚገኙት፤ ስሙም ሁለቱ ማዕረጎቹም ናቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ በራሱ መሄድ ጀመረ። ልሳነ ምድሩ ከአውራጃው ወሰደ። ከናያጋራ አጠገብ ካለችው ኩዊንስተን ተነሥቶ እስከ ቶበርሞሪ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የእግር መንገድ ከልሳነ ምድሩ ወሰደ። በሂውሮን ሐይቅ ዳር የቆመው፣ ስምንት ማብላያ ያለውና ከ6,000 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጨው የብሩስ ኒውክሌር ጣቢያም ስሙ የአካባቢው ነው። ጣቢያውን ለሎርዱ መታሰቢያ አድርጎ መጻፍ በየጊዜው የሚታይ ስሕተት ነው። ለማንኛውም የቦታ ስም “ከሰው ነው ወይስ ከሌላ ቦታ?” ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም የተሰየመበትን ዓመት ከሰውዬው የሥራ ዘመን ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አውስትራሊያ ሌላ መልክ አላት፤ በአንድ አገር ሁለት ታዋቂ ብሩስ አለ፤ የተሰየሙት ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው። ከብሪስበን እስከ ኬርንስ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው አውራ ጎዳና በ1930ዎቹ የኩዊንስላንድ የሥራ ሚኒስትር በነበረው በሔንሪ ብሩስ ተሰየመ። የካንቤራው ብሩስ ሰፈር ግን ከ1923 እስከ 1929 ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለስታንሊ ብሩስ ነው። የስታንሊ አባት ስኮትላንዳዊ ዘር ያለው፣ ከአየርላንድ የፈለሰ ሰው ነበር። ስታንሊ በ1936 የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ኢጣሊያ አዲስ አበባን የያዘችበት ዓመት ነውና ስሙ በዚያ ዘመን በእኛ ጉዳይ መዛግብት ውስጥ ይገኛል። ከያቆብ ጋር አያገናኘውም።

በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ያለው የብሩስ አምባ የተሰየመው ከ1902 እስከ 1904 የስኮትላንድን የደቡብ ዋልታ ጉዞ ለመራው ለዊልያም ስፒርስ ብሩስ ነው። እሱ ራሱ ያገኘውን ዳርቻ የኮትስ ምድር ብሎ የሰየመው ገንዘቡን ለሰጡት የክር ፋብሪካ ባለጸጎች ነበር። በሎሪ ደሴት ያቋቋመውን የአየር ጠባይ ጣቢያ በ1904 ለአርጀንቲና አስረከበ፤ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይሠራል።

ዋጊኖስ፣ ወተትና ድንጋይ

ስሞቹ በጣም የሚምታቱት በሳይንስ ውስጥ ነው። ሥሩ ብሩስ የሆነ ብዙ ቃል አለ፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎችና አንድ ስሕተት ከጀርባቸው።

ዋጊኖስ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ትልቅ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው። አሳሹ ብሩስ ተቅማጥ ሲይዘው በዚህ ተክል እንደታከመ ጻፈ፣ ዘሩንም ይዞ ሄደ፤ የአውሮፓ ዕፀዋት አጥኚዎችም ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ አሉት። ሁለተኛው ቃል ተቅማጥን የሚከላከል ማለት ነው። እስከዚህ ትክክል ነው። በ1819 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአንድ መራራ ቅርፊት መርዘኛ ንጥረ ነገር አወጡ። ቅርፊቱ በገበያ የብሩሴያ ነው ይባል ስለነበር ንጥረ ነገሩን ብሩሲን አሉት። በኋላ ሲጣራ ቅርፊቱ ስትሪክኒን የሚወጣበት የእስያ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ብሩሲን በዋጊኖስ ውስጥ የለም፤ ስሙ ግን ሳይታረም ቀረ። “ዋጊኖስ ብሩሲን ስላለው” ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ካጋጠመ ጸሐፊው ከስሙ ገምቷል ማለት ነው። በዋጊኖስ ውስጥ በእርግጥ የተገኘው ብሩሴአንቲን ነው፤ በሰው ላይ በካንሰር መድኃኒትነት ተሞክሮ የተጠበቀውን ውጤት አልሰጠም።

ብሩሴላ የሌላ ሰው ነው። ዴቪድ ብሩስ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች በ1855 ሜልበርን ተወልዶ ስተርሊንግ አደገ፤ በእንግሊዝ ጦር ሐኪምነት ማልታ ሳለ በ1887 በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። ተላላፊነቱ በፍየል ወተት መሆኑን ያገኘው ግን ማልታዊው ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ነው፣ በ1905። ብሩሴላ የሚለው ስም የወጣው በ1920 ነው። በሽታው፣ ብሩሴሎሲስ፣ ከብትን ያስወርዳል፤ ሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። የሚገባው ባልፈላ ወተትና ካልፈላ ወተት በተረጋ እርጎ፣ ደግሞም ያስወረደችን ላም የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመያዝ ነው። ወተቱን ማፍላት ይገድለዋል።

ይኸው ሰው በ1890ዎቹ አጋማሽ ዙሉላንድ ሄዶ እኛ ገንዲ የምንለውን የከብት በሽታ አጠና፤ በቆላ ዝንብ እንደሚተላለፍ አሳየ። ትሪፓኖሶማ ብሩሲ የተባለው ተውሳክ ለእሱ ነው። በእኛ አገር ገንዲን በብዛት የሚያመጡት ግን ሌሎቹ ዝርያዎች፣ ኮንጎሌንስና ቪቫክስ ናቸው። ሚስቱ ሜሪ በቤተ ሙከራውም በጫካውም አብራው ሠርታለች፤ ስሟ በተውሳክም በተክልም ላይ የለም።

የመጨረሻው ብሩሳይት ነው፤ የማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ማዕድን። የኒው ዮርኩ የማዕድን ምሁር አርቺባልድ ብሩስ ነው ባለ ስሙ።

ራስዎ ሲያጣሩ

የሚያጣሩት ብሩስ ስኮትላንድ ከተወለደ ሥራው ከሞላ ጎደል ይቀላል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ በፊት ያለው በደብር መዝገብ ነው፤ ጥንታዊው የኤሮል ደብር ሲሆን 1553 ላይ ይጀምራል። ሁለቱም ስኮትላንድስ ፒፕል በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በክፍያ ይታያሉ፤ ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተደረገው ቆጠራም መቶ ዓመት ሲሞላው ይከፈታል።

በደብር መዝገብ ላይ ሆሄው አይጸናም፤ ድረ ገጹ የሚመሳሰሉ ስሞችን እንዲያካትት ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላው መሰናክል የስም አወጣጡ ነው። በልማዱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት፣ ሦስተኛው በአባቱ ይጠራል። አራት ወንድማማች እያንዳንዳቸው ለአባታቸው ለጄምስ መታሰቢያ ሲሰይሙ በአንድ ደብር፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ አራት ጄምስ ብሩስ ይወለዳል። የሚለያቸው የእናት ስም ነው። ደግነቱ የስኮትላንድ ሴት፣ እንደ እኛ አገር ሴት፣ ካገባችም በኋላ በሰነድና በመቃብር ድንጋይ ላይ በራሷ ስም ትጻፋለች። ስለዚህ ፍለጋውን ከአባት ስም ይልቅ በእናት ስም መጀመር ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

በኢንተርኔትና በቱሪስት ሱቅ የሚሸጠው “የብሩስ ቤተሰብ ዓርማ”፣ ወርቃማ መደብ ላይ ቀይ መስቀለኛ ያለው፣ ማስረጃ አይደለም። በስኮትላንድ ሕግ ዓርማ የአንድ ሰው ነው፤ የስም አይደለም፤ ኤዲንብራ ያለው የሎርድ ላየን ፍርድ ቤት የሰው ዓርማ የያዘን ይቀጣል። ለማንም ብሩስ የተፈቀደው በመታጠቂያ ቀበቶ የተከበበውን የአለቃውን ምልክት መልበስ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ “ነበርን” የሚል የላቲን መፈክር አለበት።

ከመዝገቦቹ ሁሉ የ1855ቱ ዓመት ለብቻው መታየት አለበት። በዚያ ዓመት የልደት መዝገብ የወላጆቹን ዕድሜና የትውልድ ስፍራ፣ የተጋቡበትን ቀንና ቦታ፣ ቀድመው የወለዷቸውን ልጆች ቁጥር ይይዛል። ለመዝጋቢዎቹ ሥራው ስለበዛ በ1856 ተቀነሰ፤ የጋብቻው ቀን እንኳ የተመለሰው በ1861 ነው። የሚያጣሩት ሰው በሌላ ዓመት ቢወለድም ወንድም ወይም እኅት በ1855 ተወልዶ እንደሆነ አስቀድመው ይፈልጉ፤ የቤተሰቡን ቀሪ ነገር በአንድ ገጽ የሚሰጠው የዚያ ልጅ መዝገብ ነው።